የሥልጠና ቦታ ቢጨመር የቤተሰብ ሐኪም እጥረት ይቀረፋል?

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «በብዙ አገር የቤተሰብ ሐኪም እጥረት እንዳለ እሰማለሁ። መፍትሔ ተብሎ የሚነገረው ሁልጊዜ አንድ ነው፤ የሥልጠና ቦታ እንጨምራለን ይባላል። እውነት ቦታ ከተጨመረ ችግሩ ይፈታል? ለውጡን ለማየትስ ስንት ዓመት መጠበቅ አለብን? የምጠይቀው ልጄ ሕክምና እየተማረች ስለሆነም ነው። ይህን ዘርፍ ምረጪ ብዬ ልምከራት ወይ?»

ስለ ጥያቄዎ አመሰግናለሁ። እኔም የቤተሰብ ሐኪም ነኝ፤ ሰልጣኞችንም አሠለጥናለሁ። ስለዚህ ጉዳዩ ለእኔ የወረቀት ጉዳይ አይደለም። አጭሩ መልስ ይህ ነው፦ ቦታ መጨመር የግድ ነው፤ ብቻውን ግን አይበቃም። ቦታው ውስጥ የሚገባ ሐኪም፣ ጊዜ ኖሮት የሚያስተምር ባለሙያ፣ ከምረቃ በኋላ የሚጠብቅ ሥራና በሥራው ላይ የሚያቆይ ኑሮ ከሌለ የጨመሩት ቁጥር መንገድ ላይ ይቀራል። ረጅሙ መልስ ይህ እንዴት እንደሚሆን ማሳየት ነው። (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ አንድ የተለመደ ግርታ ላጥራ። ብዙ ሰው የቤተሰብ ሐኪም ሲባል ስፔሻላይዝ ያላደረገ ጠቅላላ ሐኪም ይመስለዋል። አይደለም። የቤተሰብ ሕክምና ራሱን የቻለ ስፔሻሊቲ ነው። አሜሪካ በ1969 ነው በስፔሻሊቲነት የተቀበለችው። ሐኪሙ ከሕክምና ትምህርት ቤት ከወጣ በኋላ ተጨማሪ ዓመታት ይሠለጥናል። ካናዳ ውስጥ 2 ዓመት፣ አሜሪካና እንግሊዝ ውስጥ 3፣ አየርላንድ ውስጥ 4 ዓመት ነው። ሕፃን፣ ነፍሰ ጡር፣ አረጋዊ፣ ስኳር፣ ደም ግፊት፣ ድብርት፣ የቆዳ ሽፍታ፣ ሁሉም በአንድ በር ይገባል። ከሁሉ በላይ ግን ሐኪሙ ሰውየውን ያውቀዋል። ባለፈው ዓመት ምን እንደታመመ፣ ቤቱ ውስጥ ማን እንዳለ፣ የትኛው መድኃኒት እንዳልተስማማው ያውቃል።

ይህ ትውውቅ ሕይወት ያተርፋል ብል አላጋነንኩም። በ2022 ከኖርዌይ የወጣ ትልቅ ጥናት 4.5 ሚሊዮን ያህል ሰዎችን አይቷል። ከ15 ዓመት በላይ ከአንድ የቤተሰብ ሐኪም ጋር የቆዩ ሰዎች፣ ሐኪማቸውን ካወቁ አንድ ዓመት ብቻ ከሆናቸው ጋር ሲነጻጸሩ፣ የመሞት ዕድላቸው በ25 በመቶ ገደማ ዝቅ ያለ ነበር። ሆስፒታል በድንገት መተኛታቸውም በ28 በመቶ ያንሳል። እርግጥ እንዲህ ያለ ጥናት ሁለት ነገሮች አብረው መሄዳቸውን እንጂ አንዱ ሌላውን ማምጣቱን በቀጥታ አያረጋግጥም። ሆኖም ትውውቁ በረዘመ ቁጥር ልዩነቱ እየሰፋ ይሄዳል። ይህ እኔን ያሳምነኛል። እጥረቱን ስናወራ የምናጣው ወረፋ ማሳጠርን ብቻ አይደለም፤ ይህንን ትውውቅ ነው።

እጥረቱ ከየት መጣ? እዚህ ላይ ብዙ አልቆይም። ሰው ረጅም ዕድሜ መኖር ጀመረ፤ ሦስትና አራት ሕመም ይዞ የሚኖር በዛ። የሆስፒታል ስፔሻሊቲዎች በደመወዝም በክብርም ቀድመው ሄዱ። ነባሮቹ የቤተሰብ ሐኪሞች ጡረታ እየወጡ ነው። አዲሶቹ ደግሞ፣ ሴቶችም ወንዶችም፣ በሳምንት የሚሠሩት ሰዓት ከቀደሙት ያንሳል። ይህን እንደ ስንፍና የሚያይ አለ። እኔ አላየውም። የዛሬው የሥራ ቀን ከ30 ዓመት በፊት ከነበረው በጣም የከበደ ነው።

ወደ ዋናው ነገር ልግባ። መንግሥት «100 የሥልጠና ቦታ ጨምሬያለሁ» ሲል በትክክል ምን ጨመረ? ሰው ትልቅ አዳራሽ ውስጥ 100 ወንበር የተጨመረ ይመስለዋል። የሕክምና ሥልጠና ግን እንደዚያ አይሄድም። ሰልጣኙ ተማሪ ብቻ ሳይሆን ደመወዝ የሚከፈለው ሐኪም ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የደመወዙ በጀት መኖር አለበት። ከዚያ ሆስፒታል ውስጥ በሕፃናት፣ በማህፀንና ጽንስ፣ በድንገተኛ፣ በአእምሮ ሕክምና ክፍሎች የሚዞርበት ቦታ ያስፈልጋል። ከዚያ ደግሞ ክሊኒክ ወይም ጤና ጣቢያ ውስጥ የራሱ የምርመራ ክፍል፣ የራሱ በሽተኞች፣ አጠገቡም የሚያማክረው ልምድ ያለው የቤተሰብ ሐኪም ሊኖር ይገባል። የመጨረሻው ነው ብርቁ። ደመወዝ በአንድ የበጀት ዓመት ሊገኝ ይችላል። አሠልጣኝ ግን በትእዛዝ አይመጣም።

አሠልጣኙ ምን ይሠራል? ጀማሪ ሰልጣኝ ሲመጣ መጀመሪያ አብሮት ይቀመጣል። ቀስ በቀስ ሰልጣኙ ብቻውን ማየት ይጀምራል፤ አሠልጣኙ ግን በሩን ክፍት ያደርጋል። «ይቺን ሴት ልላክ ወይስ ላቆይ?» ተብሎ በቀን ደጋግሞ ይጠየቃል። ከሰዓት በኋላ ቁጭ ብለው የዕለቱን በሽተኞች አንድ በአንድ ያወራሉ። ይህ ሁሉ ሲሆን የአሠልጣኙ የራሱ በሽተኞች እየጠበቁ ነው። ጊዜው ካልተከፈለውና ካልተቀነሰለት ማስተማሩን ከእንቅልፉና ከቤተሰቡ ላይ ይሰርቃል። አንድ ዓመት ይሞክረዋል፣ ሁለት ዓመት ይሞክረዋል፤ ከዚያ ይቅርብኝ ይላል። ጎበዝ አሠልጣኞች በዚህ መንገድ ሲጠፉ አይቻለሁ፤ በጣም የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው።

«ታዲያ ሆስፒታል ውስጥ ለምን አይሠለጥኑም?» የሚል ጥያቄ ይነሳል። በከፊል ይሠለጥናሉ። ግን ሆስፒታል የሚደርሰው በሽተኛ ተጣርቶ ነው። ራስ ምታትን እንውሰድ። ክሊኒክ ውስጥ ራሴን አመመኝ የሚል በየቀኑ ይመጣል። አብዛኛው ድካም፣ ጭንቀት ወይም ማይግሬን ነው። አንዱ ብቻ የአንጎል ዕጢ ወይም የደም መፍሰስ ሊሆን ይችላል። ሆስፒታል የነርቭ ክፍል ውስጥ የሠለጠነ ሐኪም ያየው ተመርጦ የመጣውን ነው። እሱ ክሊኒክ ቢቀመጥ ወይ ሁሉንም ሲቲ ስካን ያዛል፣ ወይ የሚፈራውን አንዱን ከብዙዎቹ መካከል መለየት ይከብደዋል። ያልተጣራ በሽተኛን ማየት፣ እርግጠኛ ሳይሆኑ በጥንቃቄ መወሰን፣ «ከሦስት ቀን በኋላ ተመለስ፣ ይህ ምልክት ከታየህ ግን ዛሬውኑ ና» ማለት ራሱን የቻለ ችሎታ ነው። የሚገኘውም ክሊኒክ ውስጥ ነው። እንግሊዝ ውስጥ ድሮ የ3 ዓመቱ ሥልጠና ግማሽ ያህሉ ሆስፒታል ውስጥ ነበር። አሁን የክሊኒኩ ድርሻ ከፍ ብሏል፤ በ2023 የወጣው የሰው ኃይል ዕቅድም ሦስቱም ዓመት ከሆስፒታል ውጭ በመጀመሪያ ደረጃ ሕክምና እንዲሆን ያስባል። ሐሳቡን እደግፈዋለሁ። ግን ልብ ይበሉ፤ ይህ ማለት የሚያስፈልገው የክሊኒክ ቦታና አሠልጣኝ በእጥፍ ገደማ ጨመረ ማለት ነው። ሆስፒታሎችም ሰልጣኙን በቀላሉ አይለቁትም። ሌሊት ተረኛ ሆኖ የሚያድረው እሱ ነውና።

አሁን እስቲ በምሳሌ እናስላው። ቁጥሮቹ ለማስረጃ ሳይሆን ለማሳያ ናቸው። በየዓመቱ 100 አዲስ ቦታ ተጨመረ እንበል። 90ው ይሞላል። ከ90ው 85ቱ ይጨርሳሉ። ከ85ቱ 20ው ወደ ሌላ አገር ወይም ወደ ሌላ ሥራ ይሄዳሉ። 65 ቀሩ። እነዚህ በአማካይ የሙሉ ሰዓትን 70 በመቶ ቢሠሩ፣ ሕዝቡ ያገኘው 45 የሙሉ ሰዓት ሐኪም ነው። በዜናው ላይ 100 ተብሎ ነበር። ማንም አልዋሸም፤ እያንዳንዱ ደረጃ ላይ ትንሽ ትንሽ ጠፋ እንጂ። ሌላውን ወገን ደግሞ እንይ። ሥልጠናው 3 ዓመት ከሆነና ቦታው ሁሉ ቢሞላ በሦስተኛው ዓመት 300 ተጨማሪ ሰልጣኞች በአንድ ጊዜ ይኖራሉ። ግማሽ ጊዜያቸው ክሊኒክ ውስጥ ከሆነ 150 የክሊኒክ ክፍልና 150 ያህል አሠልጣኝ ያስፈልጋል። እነዚያ አሠልጣኞች የሚመጡት ከየት ነው? እጥረት አለ ከተባለበት ከዚያው ሙያ ነው። ለጥቂት ጊዜ እጥረቱ እንዲያውም ሊብስ ይችላል። ከዚያ በኋላ ይካሳል፤ የመጨረሻ ዓመት ሰልጣኝ ብዙ በሽተኛ በራሱ ያያል። ያንን የመጀመሪያ ቁልቁለት ግን በጀት ይዘው ካልጠበቁት ክሊኒኮቹ በሩን ይዘጋሉ።

ስንት ዓመት ይፈጃል ላሉት መልሱ እዚሁ አለ። አሠልጣኝ ለማዘጋጀት አንድ ሁለት ዓመት፣ ለሥልጠናው 3 ወይም 4 ዓመት። ስለዚህ ዛሬ ከተወሰነ የመጀመሪያዎቹ ሐኪሞች ወደ ሥራ የሚገቡት ከ4 እስከ 6 ዓመት በኋላ ነው። የሕክምና ትምህርት ቤቱን ቅበላ ጭምር መጨመር ካስፈለገ ከ10 ዓመት በላይ ይሄዳል። ይህን ያህል ዕድሜ ያለው መንግሥት ብዙ የለም። ውሳኔውን የሚወስነው አንዱ፣ ፍሬውን የሚያጭደው ሌላው ነው። ለዚህም ነው ብዙ ጊዜ የሚዘገየው።

ከሁሉም የሚያስተምረው የእንግሊዝ ነገር ነው፤ ትንሽ ልዘርዝረው። በ2015 መንግሥት በ2020 5,000 ተጨማሪ ሐኪሞች በቤተሰብ ሕክምና ላይ ይሰማራሉ ብሎ ቃል ገባ። በ2019 ደግሞ 6,000 ተጨማሪ ተባለ። ሥልጠናው በእርግጥ አደገ። በ2014 በዓመት የሚገቡት ሰልጣኞች ከ2,700 ያነሱ ነበሩ፤ በ2021 ወደ 4,000 ደረሱ። ይህ ትልቅ ሥራ ነው፤ ሊናቅ አይገባም። ነገር ግን በዚያው ዓመት የጤና ሚኒስትሩ ሳጂድ ጃቪድ የ6,000ው ቃል በታቀደው መንገድ እየሄደ እንዳልሆነ ለፓርላማ ኮሚቴ ተናገሩ። በ2023 ሥልጠናቸውን የጨረሱ የቤተሰብ ሐኪሞች ብዛት፣ በሙሉ ሰዓት ሲሰላ፣ ከ2015 ያነሰ ነበር። ሰልጣኙ በርክቶ ሐኪሙ አነሰ!

ምን ሆነ? በፊት በር ሲገባ በጓሮ በር ወጣ። ሥራው ስለከበደ ነባሮቹ ቀድመው ጡረታ ወጡ ወይም ሰዓት ቀነሱ። አንድ የ55 ዓመት ሐኪም ጡረታው ሊደርስ አምስት ዓመት ሲቀረው ቢሄድ የጠፋው የአምስት ዓመት ሥራ ብቻ አይደለም። አሠልጣኙም ነው የጠፋው። ነባር ሐኪም የሙያው የዘር እህል ነው፤ እሱ ካለቀ የሚዘራ የለም። ስለዚህ እጥረት ለመቅረፍ ዕቅድ ያወጣ ማንም አካል የመጀመሪያው ገጽ ላይ መጻፍ ያለበት ያሉትን እንዴት እንደሚያቆይ ነው። ወረቀት ሥራ ማቅለል፣ የሌሊት ተረኝነት ማስተካከል፣ ዕድሜው የገፋ ሐኪም በሽተኛ ቀንሶ ማስተማር እንዲጨምር መፍቀድ። እነዚህ በዜና አይነገሩም። ከአዲስ ቦታ ይልቅ ቶሎ ውጤት የሚሰጡት ግን እነሱ ናቸው።

የእንግሊዝ ታሪክ ሌላም ምዕራፍ አለው። በ2024 ሥልጠናቸውን የጨረሱ የቤተሰብ ሐኪሞች ሥራ አጣን ማለት ጀመሩ። በሽተኛው ቀጠሮ አጥቶ፣ ሐኪሙ ሥራ አጥቶ! ምክንያቱ በጀቱ የተቀመጠበት ቦታ ነው። ክሊኒኮች ከ2019 ጀምሮ ፋርማሲስት፣ ፊዚዮቴራፒስትና ሌሎች ባለሙያዎችን የሚቀጥሩበት ልዩ ገንዘብ ነበራቸው፤ በዚያ ገንዘብ ሐኪም መቅጠር ግን አይፈቀድም ነበር። በነሐሴ 2024 መንግሥት ሕጉን አላልቶ ከ1,000 በላይ አዲስ ሐኪሞች የሚቀጠሩበት 82 ሚሊዮን ፓውንድ መደበ። ለሥልጠና ብር የሚመድበው አንዱ ክፍል፣ ለቅጥር የሚመድበው ሌላው ሲሆን እንዲህ ያለ ነገር ይከሰታል። ሁለቱ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ካልተቀመጡ ቦታ መጨመሩ ወጣቶችን ማንከራተት ይሆናል።

ቦታው ራሱ ሳይሞላ የሚቀርበትም አገር አለ። ካናዳ ውስጥ በ2023 ምሩቃን ለሥልጠና በተመደቡበት የመጀመሪያ ዙር 268 የቤተሰብ ሕክምና ቦታዎች ሰው አጡ። አሜሪካ ውስጥ በ2024 ከ600 በላይ ቦታ በዋናው ምደባ ሳይሞላ ቀረ። አሜሪካ ጭራሽ ሌላ ችግርም አለባት። በ1997 የወጣ ሕግ የፌደራል መንግሥት የሚደግፈውን የሬዚደንት (የስፔሻሊቲ ሰልጣኝ ሐኪም) ብዛት ሆስፒታሎቹ በ1996 በነበራቸው ቁጥር ላይ ገደበው። ገንዘቡ የሚሄደው በአብዛኛው ለሆስፒታል ስለሆነ ሆስፒታሉ ገቢ የሚያመጣለትን ስፔሻሊቲ ይመርጣል። ከ2010 ወዲህ ገንዘቡን በቀጥታ ለማኅበረሰብ ክሊኒኮች የሚሰጥ ፕሮግራም ተጀምሯል። መጠኑ ትንሽ ነው፤ አቅጣጫው ግን ትክክል ነው ባይ ነኝ። ገንዘቡ ሥልጠናው ወደሚሰጥበት ቤት መሄድ አለበት።

ወጣት ሐኪሞች ለምን አይመርጡትም? ስለ ደመወዝ ብቻ አድርገን ባናየው ጥሩ ነው። ደመወዙ እውነት ነው፤ በብዙ አገር ልዩነቱ ሰፊ ነው። ግን የሕክምና ተማሪ አምስትና ስድስት ዓመት ሲማር የሚያየው ሆስፒታልን ነው። የሚያደንቃቸው መምህራን ቀዶ ሐኪሞችና የልብ ስፔሻሊስቶች ናቸው። ጥሩ የቤተሰብ ሐኪም ሲሠራ ሳያይ ይመረቃል። ያላየውን እንዴት ይመርጣል? ከዚያም ሲገባበት የሚቀጣው ሥርዓት አለ። አውስትራሊያ ውስጥ ሰልጣኙ ከሆስፒታል ወደ ግል ክሊኒክ ሲዛወር አሠሪው ይቀየራል፤ የወሊድ ፈቃዱ፣ የትምህርት ፈቃዱ፣ የተጠራቀመ ዕረፍቱ አብሮ ላይሄድ ይችላል። ልጅ ሊወልዱ የሚያስቡ ወጣቶች ይህን አይተው ቢሸሹ አይፈረድባቸውም። አሁን በአንዳንድ ክፍላተ ግዛት አንድ አሠሪ ሰልጣኙን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይዞት እንዲቆይ እየተሞከረ ነው። ቀላል የአስተዳደር ለውጥ ናት፤ ሰው ታስቀራለች።

የክፍያ ሥርዓትም ለውጥ ያመጣል። የካናዳዋ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ በየካቲት 2023 አዲስ አከፋፈል ጀመረች። ሐኪሙ በታየው በሽተኛ ብዛት ብቻ ሳይሆን ባጠፋው ጊዜና በያዛቸው በሽተኞች ሕመም ውስብስብነትም ይከፈለዋል። ውጤት ለማንበብና ስልክ ለመመለስ የሚያጠፋው ሰዓትም ይቆጠራል። በሺዎች የሚቆጠሩ ሐኪሞች ገብተውበታል። ወጣቱ ይህንን ያያል።

ሌላው ላልፈው የማይገባኝ ነገር ቦታው የት ይከፈት የሚለው ነው። ይህ ከቁጥሩ አያንስም። ሐኪም በሠለጠነበት አካባቢ ይቀራል። አሜሪካ ውስጥ የተሠራ ጥናት ከቤተሰብ ሕክምና ሬዚደንሲ ከወጡት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ከሠለጠኑበት ቦታ በ160 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ውስጥ እንደሚሠሩ አሳይቷል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። በሥልጠናው ዓመታት ሰው ትዳር ይመሠርታል፣ ልጅ ይወልዳል፣ የሚያማክረውን ስፔሻሊስት በስም ያውቃል። ስለዚህ አዲስ ቦታ ሁሉ ትልቅ ከተማ ላይ ተከፍቶ ከምረቃ በኋላ «ገጠር ሂዱ» ማለት ዘግይቷል። ታይላንድ በ1994 የጀመረችው ፕሮግራም ይህንን ቀድሞ ገብቶታል። ተማሪዎችን ከገጠር አውራጃዎች ይመለምላል፤ የተግባር ትምህርቱን በክልል ሆስፒታሎች ይሰጣል፤ ከዚያ ወደ መጡበት ይመልሳል። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2010 ባወጣውና በ2021 ባሻሻለው መመሪያ ከገጠር የመጡ ተማሪዎችን መቀበልንና ሥልጠናውን ከትልልቅ ከተሞች ማውጣትን ይመክራል። የግዴታ አገልግሎት ውልም አለ፤ ለጊዜው ይሠራል። ውሉ ባለቀ ማግስት ሻንጣ የሚያሰናዳ ሐኪም ግን በሽተኞቹን ለማወቅ ልቡ አይፈቅድም።

በጎ ምሳሌ ካነሳን አየርላንድን አነሳለሁ። በ2024 ዓመታዊ ቦታዋን ወደ 350 አደረሰች፤ ከ15 ዓመት በፊት ከነበረው በእጥፍ ይበልጣል። የወደድኩት ግን አሠራሩን ነው። ሥልጠናውን የሙያው ኮሌጅ፣ ማለትም የቤተሰብ ሐኪሞቹ የሙያ ማኅበር፣ በኃላፊነት ተረክቦታል። ቁጥሩም በአንድ ጀንበር አልዘለለም፤ በየዓመቱ አሠልጣኝ እየተገኘ ከፍ አለ። እስከዚያው ድረስ ከሌላ አገር ልምድ ያላቸውን ሐኪሞች በክትትል ሥር ገጠር የሚያሰማራ ፕሮግራምም ከፈተች። እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። ከውጭ የሚመጣው ሐኪም በሆነ ድሀ አገር ገንዘብ የተማረ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2010 ያወጣው የቅጥር ሥነ ምግባር ደንብ ሀብታም አገሮች የባሰ እጥረት ካለባቸው አገሮች እየመለመሉ እንዳይወስዱ ይጠይቃል። ደንቡ አስገዳጅ አይደለም። ሀብታሙ አገር የራሱን ሥልጠና ማስፋቱ ለሌላውም ፍትሕ ነው የምለው ለዚህ ነው።

ከዜሮ የሚጀምር አገርስ? የመጀመሪያው ችግር የሙያው መምህር አለመኖሩ ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ2013 የ3 ዓመት የቤተሰብ ሕክምና ሬዚደንሲ ሲጀምር ከካናዳው ቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተባብሮ ነበር፤ የመጀመሪያዎቹ በ2016 ተመረቁ። እንዲህ ባለ ቦታ ከመጀመሪያዎቹ ምሩቃን ጥቂቶቹን በመምህርነት ማስቀረት ከምንም ይቀድማል። ሁሉንም ወዲያው ወደ ሥራ መበተን ያጓጓል፤ በሽተኛው ብዙ ነውና። ግን ያኔ ሁለተኛውን ዙር ማን ያስተምራል? በትንሹ ጀምሮ መምህራንን አብዝቶ ከዚያ ማስፋት አዝጋሚ ይመስላል። የሚያዋጣው ግን እሱ ነው።

ሥልጠናውን ማሳጠርስ? ይህ ሐሳብ በየጊዜው ይመጣል። ሥራው እየተወሳሰበ ሲሄድ ዓመት መቀነስ አይዋጥልኝም። የካናዳ የቤተሰብ ሐኪሞች ኮሌጅ እንዲያውም ከ2 ወደ 3 ዓመት ሊያሳድገው አስቦ ነበር፤ እጥረቱ በከፋበት ሰዓት ምሩቃንን ያዘገያል የሚል ተቃውሞ በርትቶ በኅዳር 2023 ሐሳቡን ተወው። ሁለቱም ወገን እውነት ነበረው። የእኔ አቋም ርዝመቱን ከመነካካት በፊት የዓመቶቹን ይዘት ማየት ነው። ሰልጣኝ ለወደፊት ሥራው ምንም በማይጠቅም የሆስፒታል ክፍል ውስጥ ስድስት ወር ተረኛ ሆኖ ካለፈ ያ ጊዜ ተዘርፏል።

ስለ ልጅዎ። ምረጪ ብለው አይጫኗት፤ አትምረጪ የሚሏትን ግን አይስሙ። «ጎበዝ ተማሪ ሆነሽ ለምን?» የሚላት አይጠፋም፤ ከገዛ መምህሮቿም ጭምር ሊሆን ይችላል። ሰውን ከነኑሮው ማወቅ የሚያስደስታት ከሆነ፣ በአንድ ጧት ሕፃንና አዛውንት፣ ሳቅና ለቅሶ ሲቀያየርባት የማትደነግጥ ከሆነ፣ ወዲያው መልስ ያልተገኘለትን ሕመም በትዕግሥት መከታተል የምትችል ከሆነ፣ ሥራው ለሷ ነው። በእጇ መሥራትንና ወዲያው ውጤት ማየትን የምትወድ ከሆነ ቀዶ ሕክምና ትሂድ፤ እሱም ሰው ይፈልጋል።

ከመወሰኗ በፊት በዕረፍቷ ጥሩ የቤተሰብ ሐኪም ያለበት ክሊኒክ ሄዳ ጥቂት ሳምንታት ትቀመጥ። አንድ ሁለት ቀን አይበቃም፤ ያው በሽተኛ ሲመለስ ማየት አለባት። የሥልጠና ቦታ ስትመርጥ ደግሞ የተቋሙን ስም ትታ ሰልጣኞቹን ታነጋግር። አሠልጣኛችሁን በሳምንት ስንት ጊዜ ታገኛላችሁ? ለማስተማር የተመደበ ሰዓት አለው ወይስ በሩጫ ነው? ክሊኒክ ውስጥ ስንት ወር ትቆያላችሁ? ባለፈው ዓመት የጨረሱት አሁን የት ናቸው? ሰልጣኞቹ አራቱንም ሳያመነቱ የሚመልሱላት ቤት ካገኘች ትግባበት።